እርዳታ ሰው ያሰንፋል ወይ? የሴፍቲኔት ሥራና የጉልበት ዋጋ

በየቀበሌው ስብሰባ የሴፍቲኔት ስም ዝርዝር ሲነበብ አንድ ክርክር አይጠፋም። አንዱ ይነሣና «ይኸ እርዳታ ሰውን እያሰነፈው ነው፤ ስንዴና ብር እየጠበቀ ማሳውን ረስቷል» ይላል። ሌላው ደግሞ «ልጆቹን የሚያበላው ያጣ ሰው በምን አቅሙ ያርሳል? እርከኑን ስንሠራ የዋልነውስ እኛ አይደለንም እንዴ?» ብሎ ይመልሳል።

ነገሩ የቃላት ጨዋታ አይደለም። የአንድ ቤተሰብ ስም ከዝርዝሩ እንዲገባ ወይም እንዲወጣ የሚደረገው በዚህ ሐሳብ ተመርቶ ነው። ስሙ ያለ ቦታው የተፋቀ ቤተሰብ በሬውን ሊሸጥ ይችላል። ስለዚህ እውነቱን ማወቅ ይገባናል።

ይህንኑ ጥያቄ ይዘው በልዩ ልዩ አገሮች ለብዙ ዓመታት የመረመሩ የኤኮኖሚ ባለሙያዎች አሉ። ከነዚህ አንዱ ክሌማን ኢምቤር የሚባል ሰው ነው። በህንድ ገጠርም፣ በእኛው አዲስ አበባም ከሌሎች ባለሙያዎች ጋር ሆኖ አጥንቷል። በገጠራችን የተካሄደውን ሴፍቲኔት ደግሞ ሌሎች ኢትዮጵያውያንና የውጭ አገር ባለሙያዎች አብረው መርምረውታል። በዚህ ጽሑፍ የደረሱበትን ቁም ነገር በየተራ እናያለን።

1. ጉልበትም ገበያ አለው

በገበያ ቀን በሬ የሚሸጠው ሰው ብዙ፣ የሚገዛው ጥቂት ከሆነ የበሬ ዋጋ ይወድቃል። ሻጩ ጥቂት፣ ገዢው ብዙ ከሆነ ደግሞ ዋጋው ይወጣል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። በክፉ ቀን ደግሞ ይብሳል። ሻጩ እህል ለመግዛት የግድ መሸጥ አለበት፤ ገዢው ግን እስከሚቀጥለው ገበያ ሊጠብቅ ይችላል። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ? የተቸገረ ሰው የተጠራለትን ዋጋ ተቀብሎ ይሄዳል።

ጉልበትም እንደዚሁ ነው። ጎተራው የጎደለበት ገበሬ ወደ ሰው ማሳ ሄዶ ያርማል፣ ያጭዳል። ወይም ወደ ከተማ ወርዶ ድንጋይና አሸዋ ይሸከማል። በዚያ ጊዜ የሚሸጠው ጉልበቱን ነው። የሚቀበለው የቀን ሒሳብ የጉልበቱ ዋጋ ነው። የኤኮኖሚ ባለሙያዎች ጉልበት የሚሸጥበትንና የሚገዛበትን ሁኔታ በሙሉ «የሥራ ገበያ» ብለው ይጠሩታል። ይህ ገበያ አጥርና በር የለውም። ነገር ግን ዋጋው እንደ ማንኛውም ገበያ ይወጣል፣ ይወርዳል።

እንግዲህ መንግሥት «ድሀ ለሆነ ሰው ሁሉ ሥራ እሰጣለሁ፤ በቀን ይህን ያህል እከፍላለሁ» ቢል ምን ይሆናል? ድሀው አንድ ተጨማሪ በር ተከፈተለት ማለት ነው። ባለ ማሳው «በዚህች ዋጋ ካልሠራህ ተወው» ቢለው «እሺ ልተወው» ለማለት አቅም ያገኛል። ባለ ማሳው ሠራተኛ ከፈለገ ዋጋውን ከፍ ማድረግ ይኖርበታል። ሐሳቡ ይኸ ነው። ግን በእውነት እንደዚህ ይሆናል ወይ? ይህን ለማወቅ መመርመር ያስፈልጋል።

2. ምርመራው እንዴት ይካሄዳል?

አንድ ገበሬ ማዳበሪያ በቆሎውን ምን ያህል እንደሚጠቅም ማወቅ ፈለገ እንበል። ማሳውን ሁሉ ማዳበሪያ ቢያደርግበትና ምርቱ ቢያምር፣ ያሳመረው ማዳበሪያው ይሁን ዝናቡ አይታወቅም። ብልህ ገበሬ ግን ማሳውን ለሁለት ይከፍላል። አንዱን ማዳበሪያ ያደርግበታል፤ አንዱን ይተወዋል። አፈሩ አንድ፣ ዝናቡ አንድ፣ ዘሩ አንድ ነው። ስለዚህ በመከር ጊዜ የሚታየው ልዩነት የማዳበሪያው ነው።

የኤኮኖሚ ባለሙያዎችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። እርዳታ ያገኙትንና ያላገኙትን ሰዎች ያነጻጽራሉ። ነገር ግን ድሀውን ከሀብታሙ ጋር ማነጻጸር አይሆንም። ለም መሬትን ከጭንጫ ጋር እንደማነጻጸር ነው። ተመሳሳይ ሰዎች መገኘት አለባቸው። ከሁሉ የሚሻለው መንገድ ዕጣ ነው። ለሁሉም በአንድ ጊዜ የሚበቃ ገንዘብ በማይኖርበት ጊዜ፣ ማን አስቀድሞ እንደሚጀምር በዕጣ ቢለይ፣ የደረሳቸውና ያልደረሳቸው ሰዎች ተመሳሳይ ይሆናሉ። በኋላ የሚታየው ልዩነት እርዳታው ያመጣው ነው ለማለት ይቻላል።

3. የህንድ ገጠር

ህንድ በ1997 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ አንድ ሕግ አወጣች። በገጠር የሚኖር ማንኛውም ቤተሰብ ሥራ ከጠየቀ፣ በዓመት እስከ 100 ቀን የሚደርስ ሥራ እንዲሰጠው ሕጉ ደነገገ። ሥራው ኩሬ መቆፈር፣ መንገድ መጥረግ፣ ቦይ ማውጣትና የመሳሰለው ነው። ከሠራተኞቹ ቢያንስ ከሦስት አንዱ ሴቶች እንዲሆኑ ታዘዘ።

ሥራው በአንድ ጊዜ በአገሩ ሁሉ አልተጀመረም። በ1998 ዓ.ም. 200 አውራጃዎች ጀመሩ። በ1999 ዓ.ም. 130 አውራጃዎች ተጨመሩ። የቀሩት በ2000 ዓ.ም. ገቡ። ክሌማን ኢምቤርና ጆን ፓፕ የሚባል ጓደኛው ይህን አጋጣሚ ተጠቀሙበት። ቀድመው የጀመሩትን አውራጃዎች ገና ካልጀመሩት ጋር አነጻጸሩ። ቀድመው የገቡት ይበልጥ ድሆች ስለነበሩ፣ ባለሙያዎቹ «የማን ይበልጣል?» ብለው አልጠየቁም። «የማን በስንት ተለወጠ?» ብለው ነው የጠየቁት።

ያገኙት ውጤት እንዲህ ነው። በበጋ ወራት፣ የመንግሥቱ ሥራ በሚበዛበት ጊዜ፣ ቀድመው በጀመሩት አውራጃዎች የቀን ሠራተኛ ዋጋ ከሌሎቹ ይልቅ በ100 ውስጥ 4.7 ጨመረ። በቀን 100 ሩፒ ያገኝ የነበረ ሰው 104 ሩፒ ከ70 አገኘ ማለት ነው። ሩፒ የህንድ ገንዘብ ነው። በክረምት፣ የመንግሥቱ ሥራ ባነሰበት ወቅት፣ ይህን የመሰለ ለውጥ አልታየም።

ልብ እንበል። ዋጋው የጨመረው ለመንግሥት ሥራ ለሚሄዱት ብቻ አይደለም። በግል ማሳ ላይ ለሚሠሩትም ጨመረ። ስሙ ከዝርዝር ያልገባ ድሀም ተጠቀመ። ጉዳትም የደረሰበት አለ፤ ጉልበት የሚገዛው ባለ ሰፊ መሬት ለሠራተኛ የሚያወጣው ገንዘብ ከፍ አለበት። ጥቅም ያገኘውን ብቻ ቆጥሮ የተጎዳውን መተው ትክክለኛ ሒሳብ አይሆንም። ይሁን እንጂ በአብዛኛው ጉልበት የሚሸጠው ድሀው ስለሆነ፣ ወደ ላይ የወጣው ዋጋ ድሀውን ጠቀመ።

ሌላም ነገር ታየ። በገጠሩ ሥራ ሲገኝ፣ በበጋ ወደ ከተማ ለቀን ሥራ የሚፈልሰው ሰው ቁጥር ቀነሰ። ቤቱን ጥሎ፣ መንገድ ዳር አድሮ፣ ጥቂት ገንዘብ ይዞ ከመመለስ በሰፈሩ መሥራትን መረጠ። የሚፈልሰው ሲያንስ ደግሞ በከተማውም የጉልበት ዋጋ ከፍ አለ።

4. አዲስ አበባ

በእኛም አገር ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም. ወደ ከተማ ገባ። በአዲስ አበባ ድሆች ቤተሰቦች መንገድ ማጽዳት፣ ቆሻሻ መሰብሰብ፣ ቦይ መጥረግ፣ ችግኝ መትከልና ይህን የመሰለ ሥራ ያዙ። በመጀመሪያው ዙር የትኞቹ ወረዳዎች እንደሚጀምሩ በዕጣ ተለየ። ሳይመን ፍራንክሊን፣ ክሌማን ኢምቤር፣ ግሩም አበበና ካሮሊና ሜሂያ የሚባሉ ባለሙያዎች ዕጣ የደረሳቸውንና ያልደረሳቸውን ወረዳዎች ይዘው አጠኑ።

በመጀመሪያ ያዩት ነገር፣ በመንግሥቱ ሥራ የገቡት ሰዎች በግል ቀጣሪ ዘንድ የሚሠሩትን ሥራ መቀነሳቸውን ነው። «አያችሁ፣ ሰነፉ!» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በአንድ ጊዜ በሁለት ቦታ የሚቆም ሰው የለም። የግሉን ሥራ የቀነሱት መጥረጊያና አካፋ ይዘው የሰፈሩን መንገድ ስለሚያጸዱ ነው።

አዲስ አበባ ሰፊ ከተማ ናት። በአንዱ ወረዳ የሚኖር ሰው በሌላው ወረዳ ሄዶ ይሠራል። ስለዚህ ባለሙያዎቹ ሰው ከየት ተነሥቶ የት እንደሚሠራ የሚያሳይ መረጃ ይዘው አሰሉ። ሥራው በከተማው ሁሉ ሲዳረስ፣ በግል ቀጣሪ ዘንድ የሚከፈለው ዋጋ በ100 ውስጥ 18.6 እንደሚጨምር አገኙ። በቀን 100 ብር ይከፈለው የነበረ ሰው 118 ብር ከ60 ሳንቲም ይሆንለታል ማለት ነው።

በዚህም ላይ መንደሩ ጸዳ። ንጹሕ መንገድ በደመወዝ መዝገብ ላይ አይጻፍም፤ ግን ለኑሮ ጥቅም አለው። ባለሙያዎቹ የጉልበት ዋጋ መጨመሩንና የመንደሩን መጽዳት ጭምር ሲቆጥሩ፣ ድሆች ያገኙት ጥቅም በቀጥታ ከተቀበሉት ጥቅም ብቻ ጋር ሲተያይ ስድስት እጥፍ ሆኖ ተገኘ። እርዳታን በተከፈለው ብር ብቻ መለካት ጥጃዋን ብቻ ቆጥሮ ወተቱንና ቅቤውን እንደመርሳት ነው።

5. የገጠራችን ሴፍቲኔት

በገጠር ሴፍቲኔት የተጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ድርቅ በመጣ ቁጥር የእርዳታ ጥሪ ይደረግ ነበር። እህሉ ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው ገበሬው በሬውንና ላሙን ከሸጠ በኋላ ነው። ነፍስ ይተርፋል፤ ጥሪት ግን ያልቃል። ስለዚህ በየዓመቱ እህል ለሚያጥራቸው ቤተሰቦች ክፉው ቀን ሳይደርስ፣ በታወቀ ወር፣ የታወቀ ክፍያ ይሰጥ ተባለ። በመጀመሪያው ዓመት 5 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ገቡ። ጥቂት ቆይቶ ቁጥሩ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሆነ።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል በወር 5 ቀን ሥራ ይታሰባል። ይህም በዓመት ለስድስት ወር ነው። በመጀመሪያ የአንድ ቀን ክፍያ 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ነበር። አምስት ነፍስ ያለው ቤተሰብ በወር 25 የሥራ ቀን ይታሰብለታል፤ 25 ጊዜ 6 ብር 150 ብር ይሆናል። አቅም ያላቸው የቤተሰቡ አባላት እርከንና ክትር ይሠራሉ፣ ኩሬ ይቆፍራሉ፣ መንገድ ያወጣሉ። ሽማግሌዎች፣ ሕመምተኞችና ሌሎች መሥራት የማይችሉ ሰዎች ሳይሠሩ ይረዳሉ።

ዳንኤል ጊሊጋን፣ ጆን ሆዲኖትና አለማየሁ ሥዩም የሚባሉ የኤኮኖሚ ባለሙያዎች ይህን ሥራ ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጀምረው መረመሩ። በመጀመሪያው ጥናታቸው በጠቅላላው ያዩት ለውጥ ትንሽ ነበር። ለምን? ብዙ ቤተሰቦች የተባለላቸውን ያህል ክፍያ አላገኙም ነበርና። ግማሽ ጭነት የተጫነ አህያ ሙሉ ጭነት አደረሰ አይባልም።

ክፍያው ከእርሻ እርዳታ ጋር አብሮ የደረሳቸው ቤተሰቦች ግን ተለይተው ታዩ። የእርሻ እርዳታ ማለት ብድር፣ የተሻለ ዘር፣ የባለሙያ ምክርና የመሳሰለው ነው። እነዚህ ቤተሰቦች የሚበሉት አልጎደለባቸውም፤ ለሥራ የሚሆን ብድር ወሰዱ፤ በተሻለ ዘዴ አረሱ፤ ከእርሻ ሌላ ንግድም ጀመሩ። ሰነፉ ወይ ተብሎ ሲመረመር የስንፍና ምልክት አልተገኘባቸውም። ዘመድና ጎረቤትም «እነሱማ መንግሥት አለላቸው» ብለው መርዳታቸውን አልተዉም።

በኋላ በተደረገው ጥናት ደግሞ፣ ለ5 ዓመት ያህል በሥራው መሳተፍ በዓመት ውስጥ እህል የሚያልቅበትን ጊዜ በ1.29 ወር አሳጠረ። ይህም አንድ ወር ከዘጠኝ ቀን ያህል ነው። በዚያ ወር የልጅ ለቅሶ የሰማ ሰው ትርጉሙን ያውቀዋል። የቤት እንስሳም ጨመረ። ጭማሪው በበግ ቢመነዘር አራት በግ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ነው።

6. ብር ይሻላል ወይስ እህል?

ገንዘብ በራሱ አይበላም። ዋጋው የሚታወቀው በሚገዛው ነገር ነው። በ2000 ዓ.ም. በአገራችን የእህል ዋጋ በጣም ናረ። የሴፍቲኔት የቀን ክፍያም ከ6 ብር ወደ 8 ብር ከፍ ተደረገ። ይህ ይበቃል ወይ? ለምሳሌ ያህል እናስላ። ኪሎው እህል 2 ብር ሲሆን 6 ብር 3 ኪሎ ይገዛል። ኪሎው 4 ብር ቢገባ ግን 8 ብር የሚገዛው 2 ኪሎ ብቻ ነው። ብሩ ጨመረ፤ ገበታው ግን ቀነሰ።

በዚያ ዘመን እህል የሚቀበሉ ቤተሰቦች ብር ብቻ ከሚቀበሉት ይልቅ ተሽሏቸው እንደነበር ተመራማሪዎች አሳይተዋል። ብዙ ሰዎችም ክፍያው በእህል እንዲሆን መረጡ። ይህ ማለት ብር ሁልጊዜ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። እህል በገበያ በርካሽ በሚገኝበት ጊዜ ብር ይመቻል፤ ጨውም፣ ደብተርም፣ መድኃኒትም ይገዛበታል። ደመወዝ ሲነገረን ግን «ስንት ብር ነው?» ብለን ብቻ መተው የለብንም። «ስንት ኪሎ ይገዛል?» ብለን መጨመር አለብን።

7. እርዳታው እንዴት ይቋረጥ?

በአሜሪካ ከ1960 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ፣ መጀመሪያ ኒው ጀርሲ በሚባል ክፍለ አገር፣ ቀጥሎም በአዮዋና በሰሜን ካሮላይና ገጠሮች፣ አንድ ሙከራ ተደርጎ ነበር። ለድሆች ቤተሰቦች ገንዘብ ተሰጠ። ነገር ግን ሰውየው ሠርቶ ገቢ ሲያገኝ እርዳታው እየተቀነሰ ይሄዳል። ለአንዳንዱ ሠርቶ ካገኘው 100 ላይ 30፣ ለአንዳንዱ 50፣ ለአንዳንዱም 70 ይቀነስበታል። በውጤቱ ሰዎች የሥራ ሰዓታቸውን በመጠኑ ቀነሱ። አባወራዎቹ የቀነሱት ጥቂት ነበር፤ ሚስቶቻቸው ከነሱ የበለጠ ቀነሱ። ሥራን ጨርሶ መተው ግን አልታየም።

ከዚህ የምንማረው ነገር አለ። ሰው ፍየል ገዝቶ አንዲት እርምጃ ወደ ፊት እንዳለ ስሙ ወዲያው ቢፋቅ፣ ሌላው ያንን አይቶ ምን ያደርጋል? ፍየሉን ከዘመድ ቤት ይደብቃል፤ ወይም ከናካቴው ሳይገዛ ይቀራል። ይህ ስንፍና አይባልም፤ ፍርሃት ነው። ከሴፍቲኔት መውጣት «መመረቅ» ይባላል። ምረቃ ጥሩ ነው። ነገር ግን አንድ ዝናብ ሲቀር ተመልሶ የሚወድቅ ሰው ተመረቀ አይባልም።

ታዲያ ሰው ጸንቶ የሚቆመው እንዴት ነው? በዚህ ላይ ኢትዮጵያ፣ ጋና፣ ህንድ፣ ፓኪስታን፣ ሆንዱራስና ፔሩ በሚባሉ ስድስት አገሮች ከ10 ሺህ በላይ ድሆች ቤተሰቦችን የያዘ ጥናት ተደርጎ፣ ውጤቱ በ2007 ዓ.ም. ታትሟል። ለቤተሰቦቹ በግ፣ ፍየል፣ ላም ወይም ሌላ የሥራ መነሻ ተሰጠ። ከዚያም ሥልጠና፣ ለጊዜው የሚሆን ቀለብ፣ የቁጠባ ትምህርትና የሚጎበኛቸው ሰው ተጨመረላቸው። እርዳታው ካበቃ ከአንድ ዓመት በኋላ ሲታዩ፣ በአብዛኞቹ አገሮች ከቀድሞው የተሻለ ይበሉና ይኖሩ ነበር። ለሥራ የሚያውሉት ጊዜም ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። የሚሠራበት ነገር ያገኘ ሰው ይሠራል።

8. ለእኛ የሚጠቅመን ምንድን ነው?

እርዳታ ሰው ያሰንፋል የሚለው ንግግር፣ ከላይ ባየናቸው የአገራችን ጥናቶች ማስረጃ አልተገኘለትም። ነገር ግን ማንኛውም እርዳታ ይጠቅማል ማለትም አይደለም። የሚጠቅመው በደንብ ሲሠራ ነው። ስለዚህ በስብሰባችን «ሰነፍ ነህ፣ አይደለሁም» እየተባባልን ከመዋል፣ የሚከተሉትን ብንጠይቅ ይሻላል።

አንደኛ፣ ክፍያው በወሩ ይደርሳል ወይ? በግንቦት የሚያስፈልግ እህል በመስከረም ቢመጣ በሬው ተሸጧል።

ሁለተኛ፣ የተባለው ሁሉ ለሁሉም ይደርሳል ወይስ እየተቆራረሰ ይከፋፈላል? ለሁሉም ትንሽ ትንሽ ማዳረስ ደግነት ይመስላል። ግን ማንንም አያቆምም።

ሦስተኛ፣ የእርሻ ምክር፣ ዘርና ብድር አብረው አሉ ወይ?

አራተኛ፣ የምንሠራው እርከንና ኩሬ በትክክል ተሠርቶ ይጠበቃል ወይ? ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው ይባላል። በሚቀጥለው ክረምት ጎርፍ የሚያፈርሰው እርከን ብንሠራ የምንጎዳው እኛው ነን።

አምስተኛ፣ የሚመረቀው ሰው በእውነት ችሏል ወይ?

እነዚህን ጥያቄዎች ማንበብና መጻፍ የሚችል ሰው አጥብቆ ሊጠይቅ ይችላል። የተከፈለውን ቀንና መጠን በደብተሩ ይጽፋል። የገበያውንም ዋጋ አጠገቡ ይጽፋል። በዓመቱ መጨረሻ ደብተሩን ገልጦ ያሳያል። ባለሙያዎቹም የሠሩት በመሠረቱ ይህንኑ ነው። ጠየቁ፣ ጻፉ፣ አነጻጸሩ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቀበሌያችሁ በበጋና በክረምት የአንድ ቀን ጉልበት ዋጋ ስንት ነው? ልዩነቱ ከምን መጣ?
2. የመንግሥት ሥራ ሲኖር ስሙ ያልተመዘገበ ድሀም እንዴት ሊጠቀም ይችላል?
3. የዛሬ ዓመት የአንድ ቀን ክፍያ ስንት ኪሎ እህል ይገዛ ነበር? ዛሬስ?
4. አንድ ቤተሰብ ለመመረቅ ምን ምን ሊኖረው ይገባል ትላላችሁ?

የቃላት ፍቺ

የሥራ ገበያ፦ ጉልበትና ሙያ የሚሸጥበትና የሚገዛበት ሁኔታ።
ሴፍቲኔት፦ ድሀ ቤተሰብ በክፉ ቀን ጥሪቱን እንዳይሸጥ ደግፎ የሚይዝ እርዳታ።
ጥሪት፦ ቤተሰብ ያፈራው ከብት፣ መሣሪያና ሌላ ሀብት።
ማነጻጸር፦ ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን አድርጎ ልዩነታቸውን ማየት።